አንድ ቪላ፣ ሦስት ሒሳብ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የቤት ግንባታ ወጪ ለምን ይለያያል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ የማግኘት ተስፋው የመነመነ ነዋሪ ፊቱን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ካዞረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ በዕቁብ፣ በቁጠባ ማኅበር ብድርና ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከው ገንዘብ የሚሠሩ ቤቶች የሚበዙባቸው ከተሞች ሆነዋል። ቦታውን የያዘ ሰው ለግንበኛውም፣ ለአናጢውም፣ ለለሳኙም የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «በካሬ ስንት ትሠራለህ?» የሚል።

ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሦስቱ ከተሞች መካከል ያለውን እውነተኛ የወጪ ልዩነት የሚያሳየው የካሬ ዋጋ አይደለም። በነዚህ ከተሞች የሚሠራ ግንበኛ ዋጋውን የሚጠይቀው የአዲስ አበባን ገበያ እያየ በመሆኑ፣ የእጅ ዋጋ ከከተማ ከተማ የሚኖረው ልዩነት ጠባብ ነው። ሰፊው ልዩነት የሚገኘው ከመሬት በታች፣ እንዲሁም ከአስፋልቱ እስከ ግንባታው ቦታ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን ወጪ ደግሞ የእጅ ዋጋ ብቻ የተዋዋለ ንዑስ ተቋራጭ አይሸከመውም፤ ባለቤቱ ላይ ያርፋል። በየከተማው ዳርቻ መሠረታቸው ወጥቶ ሣር ከበቀለባቸው፣ ፌሮአቸው ቆሞ ከዛገባቸው ግንባታዎች መካከል ገንዘቡ ገና ከመሬት ሳይወጣ ያለቀበት ጥቂት አይደለም።

የእጅ ዋጋና ሙሉ ኮንትራት

በአገራችን የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሁለት ዓይነት ውል ይታወቃል። አንደኛው ተቋራጩ ዕቃውንም ሥራውንም ችሎ ቁልፍ የሚያስረክብበት ሙሉ ኮንትራት ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት እያቀረበ ለየባለሙያው የእጁን ብቻ የሚከፍልበት ነው። በግለሰብ ቤት ሠሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ሁለተኛው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮግራምም ዋና ዋና ዕቃዎችን ራሱ እያቀረበ ሥራውን ለተቋራጮችና ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ከፋፍሎ ሲሰጥ ስለነበር፣ ዛሬ በየከተማው የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች የተካኑት በዚሁ አሠራር ነው።

በእጅ ዋጋ ገበያ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ መለኪያ አለው። ቁፋሮና የድንጋይ ግንብ በሜትር ኩብ፣ ፌሮ በኪሎ፣ ካሳ ፎርማና የብሎኬት ግድግዳ በካሬ፣ ልስንም በካሬ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ በፖይንት ይሰላል። ስለዚህ «በካሬ ይህን ያህል» ተብሎ የሚነገር ዋጋ የየትኛው ካሬ እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም አይናገርም። የወለል ካሬ አለ፤ የግድግዳ ካሬ አለ። የግድግዳ ካሬም ቢሆን በርና መስኮት ተቀንሶለት ወይም ሳይቀነስለት ሊለካ ይችላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 60 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 180 ካሬ ነው። ከዚህ ላይ 25 ካሬ የሚሆን በርና መስኮት ቢኖር የተጣራው 155 ካሬ ይሆናል። ልስኑ በሁለቱም ገጽ ስለሆነ ክፍያው በ360 ወይም በ310 ካሬ ሊታሰብ ነው። ለሳኙ የበርና የመስኮት ጠርዝ ማስተካከል ጊዜ ስለሚወስድበት ቀዳዳው እንዳይቀነስ ቢጠይቅ ምክንያት የለውም አይባልም። ነገር ግን ከሁለት ለሳኞች ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠው ቀዳዳውን የማይቀንሰው ሊሆን እንደሚችል ባለቤቱ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ሰበታ፤ መረሬው የሚበላው

ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የምትታወቀው ሰበታ ግማሽ ፊቷ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ግማሹ ወደ በቾ ሜዳ ነው። ወደ ተራራው ግርጌ ሲቀርቡ ድንጋያማ መሬት ይገኛል። ወደ ሜዳው ሲወርዱ ግን መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ይንሰራፋል። መረሬ ለጤፍ ገበሬ በረከት ነው፤ ለቤት ሠሪ ግን ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያረፈን መሠረት በየዓመቱ ወደ ላይ እያነሣ ወደ ታች ይጥለዋል። በአንዱ ክረምት በሩ አልዘጋ ይላል፤ በሚቀጥለው ከመስኮቱ ማዕዘን የጀመረ ስንጥቅ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል።

የአካባቢው ነባር ገበሬ በእንጨትና በጭቃ የሠራው ቤት ከዚህ አፈር ጋር ዘመናት የኖረው ቤቱ ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚላወስ ነው። ማገርና ጭቃ ይተጣጠፋሉ፤ የተሰነጠቀውም በቀጣዩ ዓመት ይመረጋል። ብሎኬት ግን አይተጣጠፍም።

ወጪውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 10 በ10 ሜትር የሆነ አነስተኛ ቪላ ይወሰድ። የውጭው ግድግዳ 40 ሜትር፣ ዋናው የውስጥ ግድግዳ 20 ሜትር፣ በድምሩ 60 ሜትር መሠረት አለው። የድንጋይ ግንቡ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር፣ የቦዩ ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጽኑ መሬት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ በሚገኝበት ቦታ የሚቆፈረው 34 ሜትር ኩብ ገደማ፣ የሚገነባው የድንጋይ ግንብ 24 ሜትር ኩብ ነው። መረሬው 2 ሜትር ጠልቆ ከሆነ ግን ቁፋሮው 84፣ ግንቡ 60 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ቤቱ ያው ቤት ነው።

የ36 ሜትር ኩብ የግንብ ልዩነት ብቻ ወደ 45 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ማለትም በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሦስት ቢያጆ ገደማ ይጠይቃል። ለሜትር ኩብ ግንብ 1.2 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ቢታሰብ 43 ኩንታል ይሆናል። ይህ 100 ካሬ ስፋትና 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው የኮንክሪት ሶሌታ ከሚያስፈልገው ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው። በሰበታ ሜዳ የሚሠራ ሰው አንድ ሶሌታ መሬት ውስጥ ቀብሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከወለሉ ሥር ያለው መረሬም ቢያንስ በላይኛው ክፍል መነሣት አለበት። ከቦዩ ውጭ የሚቀረው 70 ካሬ ወለል በ60 ሳንቲ ሜትር ቢጠረግ 42 ሜትር ኩብ ይጨመራል። የተቆፈረ አፈር ከመሬት ሲወጣ በመቶኛ 30 ያህል ስለሚነፋ፣ 126 ሜትር ኩቡ ሲጫን ወደ 164 ይሆናል፤ ይህም አሥር ቢያጆ ነው። የወጣውን መረሬ መልሶ መሙያ ማድረግ የማይቻል በመሆኑ በቦታው ገረጋንቲ ወይም ቀይ አመድ መግባት አለበት። የቦዩን ጎንና የጎጆውን ወለል ለመሙላት ከአምስት ቢያጆ በላይ ይፈለጋል። አሥር ወጥቶ አምስት ከገባ በኋላ ነው የመጀመሪያው ብሎኬት የሚቀመጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት ጥልቁን ግንብ ብቸኛ መፍትሔ አድርገው ሲወስዱት ነው። ጽኑው መሬት ሲርቅ የተነጠሉ የኮንክሪት እግሮችን አቁሞ በላያቸው ማሠሪያ ቢም መዘርጋት ሊረክስ ይችላል። ለዚሁ ቪላ 12 እግሮች፣ እያንዳንዳቸው 1.20 በ1.20 ሜትር ሆነው 2 ሜትር ቢወርዱ፣ ቁፋሮው ከ84 ወደ 35 ሜትር ኩብ ይወርዳል። በምትኩ የፌሮና የካሳ ፎርማ ሥራ ይጨምራል፤ ቢሙም አፈሩ ሲያብጥ እንዳያነሣው ከሥሩ በቂ ክፍተት ወይም ልል ሙሌት ይፈልጋል። ይህን የሚወስነው መሐንዲስ እንጂ ግንበኛ አይደለም። ግንበኛ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ግንብ በመሆኑ ግንቡ እንዲያንስ የሚመክርበት ጥቅም የለውም። ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን የውሉ ጠባይ እንዲህ ስላደረገው ነው።

የሰበታ የቀን ሠራተኛ ገበያም የራሱ ጠባይ አለው። በከተማዋና በአለም ገና መንገድ ላይ የተደረደሩት ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ጋር የመጣው እንቅስቃሴ ጉልበት ይሻማሉ። ጎበዙ ወጣት ፋብሪካ፣ መጋዘንና ግንባታ እያማረጠ ስለሚውል ባለቤቱ ለቁፋሮው ሠራተኛ በሚፈልግበት ሳምንት ሁሉ አያገኝም።

ቡራዩ፤ ዳገትና ዓለት

በቡራዩ ችግሩ ሌላ ነው። በ1930ዎቹ ከተሠራው የገፈርሳ ግድብ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ተዳፋት ይበዛዋል፤ በብዙ ቦታም ጽኑ አፈር ወይም ዓለት ቶሎ ይገኛል። ይህ በመሠረት ጥልቀት ረገድ መልካም ዜና ነው። ዳገቱ ግን ቁጠባውን መልሶ ይወስደዋል።

ከላይ የተጠቀሰው ቪላ በመቶኛ 10 በሚያዘቀዝቅ ቦታ ቢያርፍ ከላይኛው እስከ ታችኛው ግድግዳ የአንድ ሜትር ልዩነት ይኖራል። ወለሉን ለማስተካከል የታችኛው መሠረት በሜትር ከፍ ሲል በአማካይ 15 ሜትር ኩብ ግንብ ይጨመራል፤ ወለሉን ለመሙላትም ከሦስት ቢያጆ የማያንስ ሙሌት ይገባል። ይህ ከሰበታው ያነሰ ነው። ግቢው ጭምር ይደልደል ከተባለ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ በዚሁ ዝቅጠት የሁለት ሜትር ልዩነት አለው፤ ታች በኩል የድጋፍ ግንብ ይፈልጋል። የድጋፍ ግንብ ደግሞ ቁመቱ ሲጨምር ውፍረቱም አብሮ መጨመር ስላለበት ወጪው ከቁመቱ ፈጥኖ ያድጋል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት 1.4 ሜትር ኩብ ገደማ ሲፈልግ፣ ሦስት ሜትሩ 2.85 ገደማ ይፈልጋል። ቁመቱ በግማሽ ሲያድግ ድንጋዩ በእጥፍ ያድጋል ማለት ነው። በቡራዩ ዳገት ላይ ቦታ በርካሽ አገኘሁ ያለ ሰው ልዩነቱን ለድንጋይ ይከፍላል።

ሁለተኛው የቡራዩ ጠብ ዓለት ነው። ውሉ ላይ «ቁፋሮ በሜትር ኩብ» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ቆፋሪው 40 ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ዓለት ሲገጥመው መዶሻና ድጅኖ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚያወጣው የአፈሩን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ወይም አዲስ ዋጋ ይጠይቃል። በመንግሥትና በትላልቅ ሥራዎች የሥራ ዝርዝር ላይ የአፈር ቁፋሮና የዓለት ቁፋሮ ሁለት የተለያዩ ተራ ቁጥሮች ናቸው። የግለሰብ ውል ይህንን ቢከተል የቡራዩ ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀር ነበር።

በእጅ ዋጋ በኩል ቡራዩ ከሦስቱ ለአዲስ አበባ በጣም የቀረበች ናት። ከአስኮ ጋር ተያይዛ የምትኖር ከተማ በመሆኗ፣ ብዙ ግንበኛና ቀቢ የቤት ኪራይ ስለሚቀለው ቡራዩ እያደረ አዲስ አበባ ይሠራል። እንዲህ ያለው ባለሙያ በሠፈሩ ሲሠራ ከአዲስ አበባው ዋጋ ሊቀንስ የሚችለው የታክሲውንና የመንገድ ላይ ጊዜውን ያህል ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ከተማ ሄዶ መሥራት ይሻለዋል። «አገር ቤት ነውና ይረክሳል» ብሎ ወደ ቡራዩ የሚሄድ ባለቤት የሚያገኘው ቅናሽ ስለዚህ ጥቂት ነው። በአንጻሩ የአምቦ ድንጋይ ለአጥርና ለግንባር ማስዋቢያ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ በደጁ ስለሚያልፍ የጭነት ዋጋ ያተርፋል።

ሱሉልታ፤ ውሃና ብርድ

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ በክረምት የሚረጥብና በከፊል ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ቁፋሮው ከሰኔ በፊት ካላለቀ ቦዩ ገንዳ ይሆናል፤ ፓምፕ መከራየት፣ ጎኑ የተናደውን ቦይ እንደገና መጥረግ ይመጣል። መጸዳጃ ጉድጓዱም እንደ ሌላው ቦታ በደረቅ ድንጋይ ተደርድሮ የሚተው አይደለም፤ ክረምት የመሬቱ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በሚገባ የተለሰነ ታንከር ይፈልጋል።

ብርዱ በሚዛን የማይታይ ወጪ አለው። ኮንክሪት የሚጠነክርበት ፍጥነት ከሙቀት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በ10 ዲግሪ የዋለ ኮንክሪት በ20 ዲግሪ የዋለው የደረሰበት ጥንካሬ ላይ ለመድረስ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ጊዜ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሶሌታ የሞላ ሰው ድጋፉን እንደ አዲስ አበባ ቆጥሮ ቢያነሣ አደጋ ነው፤ ቢያቆይ ደግሞ የብረት ካሳ ፎርማ ኪራይ በቀን ይቆጥራል። በዚህ የሚክሰው የእንጨቱ ርካሽነት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ተራራውን ስለሸፈነው ለመወጣጫና ለድጋፍ የሚሆን አጣና በቅርብ ይገኛል።

የባለሙያው ጉዳይ ከቡራዩ የተለየ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦን በየቀኑ መሻገር የሚያታክተው ግንበኛ ከነረዳቶቹ ቦታው ላይ ማደር ይመርጣል። ባለቤቱ የቆርቆሮ መጠለያ፣ ፍራሽና ውሃ ያዘጋጃል፤ አንዳንዴም ምግብ ይችላል። ይህ ቋሚ ወጪ በመሆኑ ለትልቅ ቤት በየካሬው ሲከፋፈል ይሳሳል፤ ለሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ግን ይከብዳል። በሱሉልታ ትንሽ ቤት የሚሠራ ሰው በካሬ ከትልቁ ይልቅ ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ጎረቤቶች አንድ ቡድን ግንበኛ ተስማምተው ቢያመጡ ይህን ወጪ ለሁለት ይካፈሉታል።

ከአስፋልቱ እስከ ቦታው

አሸዋ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ በብዛት የሚመጣው ከሞጆ፣ ከቆቃና ከላንጋኖ በኩል ነው። ሱሉልታ ከዚህ አቅጣጫ ሲታይ ከአዲስ አበባ ጀርባ ናት። አሸዋው ከተማዋን አቋርጦ ወይም ዞሮ የእንጦጦን ዳገት መውጣት አለበት። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በከባድ ጭነት መኪናዎች የቀን እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ደግሞ የሌሊት ጉዞ ተጨምሮበታል። አሸዋ የሚሸጠው በቢያጆ ቢሆንም ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ነዳጅና ጎማ ነው።

የባሰው ግን የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከዋናው መንገድ የራቁ አዳዲስ መንደሮች ውስጥ የተጫነ ሲኖትራክ በክረምት አይገባም፤ በሰበታ መረሬ ይውጠዋል፤ በቡራዩ ዳገቱ ይመልሰዋል። ጭነቱ አስፋልት ዳር ይገለበጥና በአይሱዙ ወይም በጋሪ ይመላለሳል። 16 ሜትር ኩብ በአራት ሜትር ኩብ አይሱዙ አራት ጊዜ መጫንና ማውረድ ነው፤ መንገድ ላይ የሚፈሰውና ሌሊት «የሚጎድለው» ሳይቆጠር። በየሠፈሩ የተደራጁ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት የሚጠይቁት ክፍያም ከዚሁ ጋር ይታሰባል፤ ባለቤቱ የራሱን ሠራተኛ አምጥቶ ማውረድ የሚከለከልበት ጊዜ ስላለ ዋጋው በገበያ የተወሰነ ነው ለማለት ያስቸግራል። ውሃ በቧንቧ ካልደረሰ በቦቴ ወይም በበርሜል ይገዛል። በውሃ ዋጋ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ ኮንክሪቱን በቂ ቀን አያጠጣም።

ሲሚንቶውስ?

ካርታውን ያየ ሰው ሱሉልታና ቡራዩ ሲሚንቶ ሊረክስባቸው ይገባል ሊል ይችላል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደርባ ፋብሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው በጫንጮና በሱሉልታ በኩል ያልፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚያመርተው የሙገርና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የዳንጎቴ ፋብሪካ ምርትም በሆለታ መንገድ ሲመጣ ቡራዩን ያቋርጣል። ይሁንና በደጃፍ የሚያልፍ ጭነት ሁሉ በደጃፍ አይራገፍም። ሲሚንቶ ከፋብሪካ የሚወጣው ለአከፋፋይ በሙሉ ጭነት በመሆኑ 50 ኩንታል የሚፈልግ ቤት ሠሪ የሚገዛው ከሱቅ ነው፤ ሱቁም ዋጋውን የሚያየው ከአዲስ አበባ ነው። እንዲያውም ጭነቱ አዲስ አበባ ወርዶ በሌላ መኪና ወደ ሱሉልታ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ አቅርቦቱን ሲያሰፋ ይህን የሁለት ጊዜ ጉዞ አልነካውም።

የብረት ነገር ደግሞ ከከተማ ከተማ የሚያለያይ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ የሚያነሣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ትንሽ በላይ የነበረው ዶላር በዕለቱ ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የንፅህና ዕቃና አልሙኒየም ጥሬ ዕቃቸው ወይም ራሳቸው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ድንጋይ፣ አሸዋና ቁፋሮ ግን የአገር ውስጥ ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ነገር አለ፤ ለሰበታ መረሬ በተነጠለ እግርና በፌሮ የተሰላው ርካሽ አማራጭ ከ2016 በፊት የነበረው ብልጫ ሊጠብ ይችላል። የዛሬ አምስት ዓመት ጎረቤት ያዋጣው አሠራር ዛሬ እንደገና መሰላት አለበት።

ሰነድ የሌለው ቤት

በሦስቱም ከተሞች የዋጋ ነገር ሲነሣ የይዞታውን ነገር መዝለል አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ሆኖም ከገበሬ በውል ወረቀት እየተገዛ ቤት የተሠራበት ቦታ በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ነው። በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ በነበረው በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ ሕገ ወጥ ግንባታ የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ድረስ ደርሷል።

ሰነድ የሌለው ቤት ርካሽ ይመስላል፤ ፕላን፣ ፈቃድና መሐንዲስ የለበትም። የግንባታ ዋጋው ግን ከሕጋዊው ይበልጣል። ጨረቃ ቤት የሚባለው ስሙ እንደሚነግረው በሌሊት የሚሠራ ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ግንበኛ የሌሊት ዋጋ ይጠይቃል። ክፍያውም ሥራው ሳያልቅ በቅድሚያ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቤቱ ነገ ከፈረሰ ባለቤቱ እንደማይከፍለው ባለሙያው ያውቃል። መሠረቱ ለመቸኮል ሲባል 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። በመረሬ ላይ ሲሆን ቤቱ ከአፍራሽ ግብረ ኃይል ቢተርፍ ከሁለት ክረምት አይተርፍም። ባለሙያው ቢያጠፋም በማን ይከሰሳል? ውል የለም።

ውሉ ላይ ምን ይግባ

ሰነድ ላለው ግን ሕጉ የሚያስበውን ያህል ደካማ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራው ርክክብ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደህና አሠራርና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዛል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽትም ኃላፊነት አለበት። ይህ ለሰበታው ባለቤት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሥራውን በእጅ ዋጋ ለአምስት ባለሙያ ከፋፍሎ የሰጠ ሰው ስንጥቁ የግንበኛው ነው፣ የቆፋሪው ነው ወይስ ሲሚንቶ አሳንሶ ያቀረበው የራሱ ነው ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። ሙሉ ኮንትራት ውድ የሚሆነው አንድም ይህን ኃላፊነት በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። መካከለኛው መንገድ መሠረቱን፣ ማለትም ቁፋሮን፣ ግንብንና ማሠሪያ ቢምን፣ ለአንድ ሰው በአንድ ውል መስጠትና ከዚያ በላይ ያለውን መከፋፈል ነው።

ዋጋ ከመጠየቁ በፊትም የሚሠራ አንድ ርካሽ ሥራ አለ። በቦታው ሁለት ማዕዘን ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሙከራ ጉድጓድ እስከ ሁለት ሜትር ማስቆፈር የሁለት የቀን ሠራተኞች ጥቂት ቀን ነው። መረሬው የት እንደሚያልቅ፣ ዓለቱ የት እንደሚጀምር፣ ውሃው ስንት ላይ እንደሚቆም ይታያል። ጉድጓዱን ያየ ግንበኛ የሚሰጠው ዋጋና ሳያይ የሚሰጠው ዋጋ አንድ አይደሉም፤ ያላየው ወይ ለመጠባበቂያ ይጨምራል፣ ወይ አሳንሶ ገብቶ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ውሉም የአፈርና የዓለት ቁፋሮን ለየብቻ፣ የወጣውን አፈር የሚያነሣውን፣ የበርና የመስኮት ቅናሽን፣ ውሃና ማደሪያ የሚችለውን ለይቶ ቢጽፍ የሦስቱን ከተሞች ዋጋ ማወዳደር ይቻላል።

ወቅቱም ከዋጋው ጋር ይቆጠራል። ቁፋሮና መሠረት ከጥቅምት በኋላ ሲጀመር መሬቱ ይደርቃል፤ በኅዳር ግን የገጠሩ ጉልበት ወደ አጨዳ ይሄዳል። ከደቡብና ከጉራጌ የመጡ ባለሙያዎች ለመስቀል አገራቸው ገብተው የሚመለሱት በጥቅምት ውስጥ ስለሆነ በመስከረም የተያዘ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይንሸራተታል። በሰበታና በሱሉልታ ሜዳ ላይ መሠረቱን እስከ ግንቦት መጨረሻ ያላወጣ ሰው የቀረውን ቁፋሮ ለመስከረም ማቆየትና ቦዩን እንዳይናድ መልሶ መሙላት ይረክስበታል፤ የቡራዩ ባለቤት ግን ዓለቱ ላይ ካረፈ ክረምቱን በብሎኬት ሥራ ሊያሳልፈው ይችላል።